የጠርጥር ጩኸት

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ሥፍራ ማለት ነው። የከተማችን ስም ትርጉም ይህ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስሙ የፈረደብኝ ግን ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ጎረቤቴ የሆኑት እናት የግቢዬን በር አንኳኩተው ገቡ። ለወትሮው የሚመጡት ቡና መድረሱን ሊነግሩኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከበሩ አላለፉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፦

«ልጄ፣ ውሻህን ጠልቼው አይደለም» አሉኝ። «እንስሳ ነው፤ ምን ያውቃል። ግን ልጅቱ ፈተና አለባት። ቀን እኔን ስታግዝ ነው የምትውለው፤ ደብተር የምትገልጠው ሲመሽ ነው። እሱ ደግሞ እስኪነጋ አፉን አይዘጋም።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

«አንተ ምን አደረግህ? አንተ አልጮኽህ!» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ።

ሳቁ አልመጣልኝም። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈታኞቹ ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ሰምተናል። ይህን የሰማ ሰው አንዲት ሌሊት ለአንዲት ተማሪ ምን ማለት እንደሆነች ለመገመት መምህር መሆን አያሻውም። እኔ ግጥም ይጽፋል የምባል ሰው፣ የሌላ ሰው ንባብ በእኔ ግቢ ድምፅ ሲቀደድ ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልሁም ነበር።

ውሻዬ ጠርጥር ይባላል። በአገራችን የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ እኔ ግን ያወጣሁለት «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው ተረት ወስጄ ነው። ሌባ ሁለት ዶሮዎቼን ከወሰደ በኋላ አንድ የገጠር ወዳጄ ቡችላ አመጣልኝ። ሲያድግ ከመንገዱ ዳር ካለው አጥር ሥር፣ ከጽዱ ግንድ ጋር በሰንሰለት አሰርሁት። የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ጠርጥርም ስሙን አከበረ፤ ሁሉን ጠረጠረ። መንገደኛውን፣ እንጨት የጫነችውን አህያ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አምሽተው የሚመለሱትን ተማሪዎች፣ ንፋስ የሚያንኳኳውን ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ጨረቃዋን።

ጭንቀቴን ለሰው ሳዋይ ምክር የነፈገኝ አልነበረም። አንዱ «ምታው» አለኝ። ሌላው «አፉን በገመድ ጠፍረህ አሳድረው» አለ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ደንቆሮ ጫካ ውሰደውና ልቀቀው፤ እዚያ ማንም አይሰማውም» ብሎ በስሙ ቀለደ። አራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥጋ ውስጥ ስለሚጨመር ነገር ነገረኝ። ወዳጆቼ ሆይ፣ ዛሬ ይህን የምጽፈው በእነዚህ አራት ምክሮች ላይ ያለኝን ተቃውሞ ለመናገር ነው። ተቃውሞዬ ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ አራቱም የማይሠሩ ስለሆኑ ጭምር ነው።

በመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አድርጌዋለሁ። አንድ ሌሊት በንዴት ወጥቼ በበትር መታሁት። ያን ሌሊት ዝም አለ። በማግሥቱ ማታ ግን ከሥራ ስመለስ የጮኸው በእኔ በጌታው ላይ ነበር። ዱላ ለውሻ የሚያስተምረው ዝምታን ሳይሆን ፍርሃትን ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይበልጥ ይጮኻል፣ ወይም ድምፁን ውጦ ይነክሳል። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ዝም በል!» እያልሁ መጮኼም እንዲሁ ከንቱ ነበር። ውሻ አማርኛ አያውቅም፤ እሱ የሚሰማው ጌታው አብሮት ሲጮኽ ነው። «ልክ ነህ፣ አለሁልህ» ያልሁት ይመስለዋል።

ሁለተኛው ምክር ጭካኔ መሆኑን የማያውቁ ሰዎች ይሰጡታል። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። አፉ የተጠፈረ ውሻ አያለከልክም፣ ውኃም አይጠጣም።

ሦስተኛው ቀልድ የሚመስለው ምክር ከሁሉም የሚከብድ ነው። ደንቆሮ በአማርኛ ጆሮው የማይሰማ ማለት ይሁን እንጂ፣ ያ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖርበታል፤ ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። የእብድ ውሻ በሽታን ወደነዚህ እንስሳት የሚያሻግረው የቤት ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 በሽታው ሲነሣ ብዙ ቀይ ቀበሮ አልቋል። ያልተከተበ ውሻ ጫካ ዳር መጣል እንግዲህ የራስን የሌሊት እረፍት በአንድ ዘር ሕልውና መግዛት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈልበት እንቅልፍ መቼም አይጥምም።

ስለ አራተኛው ብዙ አልልም። መርዝ የገባበት ሥጋ የሚበላውን አይመርጥም፤ የጎረቤት ድመትም፣ ጥንብ አንሳም፣ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃንም ሊያነሣው ይችላል። የሞተው ውሻ በነበረበት ሠፈርም ብዙ ሳይቆይ ሌላ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ያልተከተበ ውሻ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የባንክ ሠራተኛ ሲጨንቀው መዝገብ ይከፍታል። እኔም አንድ ደብተር ወስጄ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ። በመጀመሪያው ሰዓቱን፣ በሁለተኛው ከመጮኹ በፊት የሆነውን ነገር፣ በሦስተኛው ከጮኸ በኋላ እኔ ያደረግሁትን ጻፍሁ። ሰባት ሌሊት መዘገብሁ። በስምንተኛው ቀን ሒሳቡን ስዘጋ ያፈርሁት በሦስተኛው ዓምድ ነው።

አብዛኛው ጩኸት በሦስት ወቅት ይወድቃል። አንደኛው ሲመሽ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ጊዜ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ የሰው እግር ይታየዋል፤ ይጮኻል፤ መንገደኛውም መንገዱ ነውና ያልፋል። ጠርጥር ግን ሰውየው በራሱ ጉዳይ እንዳለፈ አያውቅም፤ እሱ እንዳባረረው ነው የሚያምነው። በየምሽቱ ሠላሳና አርባ ድል ያስመዘገበ ወታደር ነገ ለምን ዝም ይላል? ሁለተኛው እኔ እራት ስበላ ነው። በሦስተኛው ዓምድ «ፍርፋሪ ወረወርሁለት» የሚል ቃል ሰባቱንም ሌሊት ተጽፏል። በጮኸ ቁጥር ከፍያለሁ፤ ሲዘገይ የከፈልሁትም ትምህርት ሆኖታል፤ ረዘም አድርጎ የጮኸ እንደሚያገኝ ተረድቷል። በእኛ ቋንቋ ለጩኸቱ ወለድ ስከፍል ኖሬአለሁ። ሦስተኛው እኩለ ሌሊት ነው። ጅብ አለ፣ የሌላ ሠፈር ውሻ ይመልሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንድ ሰንሰለት ላይ ተኝቶ የዋለ ፍጡር ሌሊት ጉልበቱን ምን ያድርገው?

ጎረቤቴ «አንተ አልጮኽህ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። መዝገቡ ግን የጮኽሁት እኔ መሆኔን መሰከረብኝ።

እንግዲህ ያደረግሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያ ከአጥሩ ሥር አነሣሁት። ቀዳዳዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንሁ፤ የማያየውን መንገደኛ ማባረር አይችልም። አጥሩን ጠጋግኜ ሰንሰለቱን ፈታሁለት፤ ሌሊት ከቤቱ በስተጀርባ ባለው በረንዳ፣ ጆንያ ላይ እንዲተኛ አደረግሁ። ጠዋት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዤው እወጣለሁ። የሮጠና ምድርን ያሸተተ ውሻ ሌሊት ይተኛል። ምግቡን እኔ ከመብላቴ በፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እሰጠዋለሁ፤ የሚግጠው አጥንት ሲገኝ አስቀምጥለታለሁ። በእራቴ ጊዜ ቢጮኽ ግን አንዲት ፍርፋሪ የለም፤ ዓይኔንም አልሰጠውም።

ቀጥሎ «በቃ» የምትል አንዲት ቃል አስተማርሁት። ሲጮኽ አልቆጣም፤ ወደ እሱ እሄዳለሁ፣ ያየውን አያለሁ፣ ከዚያ በዝግታ «በቃ» እላለሁ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለባት ቅጽበት ቁራሽ ዳቦ ይቀበላል። በመጀመሪያ የሦስት ቆጠራ ዝምታ ይበቃ ነበር፤ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ አሥር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ለጩኸቱ የምከፍለውን ደሞዝ ለዝምታው አዛወርሁት።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ ከመሻሉ በፊት ይብሳል። የለመደው ክፍያ የቀረበት ውሻ ወዲያው አይተውም፤ አብዝቶ ይጠይቃል። አራተኛው ሌሊት ከሁሉም የከፋ ነበር። በዚያን ጊዜ የተሸነፈ ሰው ከጀመረበት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ውሻው ምን ያህል ረዝሞ መጮኽ እንዳለበት ይማራል። እኔ አስቀድሜ ወደ ጎረቤቴ ሄጄ «እትዬ፣ ይህን ሳምንት ይታገሡኝ፤ የሚብሰው ሊሻለው ነው» ብያቸው ነበር። «እስቲ እናያለን» አሉ፤ ልጃቸውንም ሌሊቱን እኅታቸው ዘንድ ልከው አስነበቧት። ለውሻ ትምህርት የጎረቤት ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ደግሞም ሁሉ ጩኸት በትምህርት የሚታረም አይደለም። የውሻ ድምፅ በድንገት ከተለወጠ፣ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ባሕርዩም ከተቀየረ፣ ከእሱ ርቆ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ፤ የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጠርጥርም ክትባቱን ወስዷል።

«ውሻ ካልጮኸ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ሌሊቱ ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ቤት በጨለማ ማን እንደሚያልፍ የሚያውቀው በውሻ ድምፅ ነበር። እኔም የምሟገተው ውሻ እንዲደነቁር ወይም እንዲጨልምበት አይደለም፤ ጩኸቱ ትርጉም እንዲኖረው ነው። በሥራ ቦታዬ የሆነ ነገር ላንሣ። በአንድ ወቅት የማስጠንቀቂያው ደወል ያለ ምክንያት ይጮኽ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ብድግ አልን፤ በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ብቻ ተነሣ፤ በሳምንቱ ማንም ቀና አላለም። ደወሉ ይጮኻል፣ እኛም ብር እንቆጥራለን። ያን ጊዜ እውነተኛ ዘራፊ ቢመጣ ደወል እንደሌለን ነበርን። ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻም እንዲሁ ነው፤ የማይጮኽ ውሻ ማለት ነው።

የውሻ ድምፅ ቋንቋ መሆኑን ሳይንሱም ይመሰክራል። በቡዳፔስት የኢዮትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የተቀዳ የውሻ ጩኸት ብቻ የሰሙ ሰዎች ውሻው እንግዳ አይቶ፣ ብቻውን ቀርቶ ወይም እየተጫወተ መሆኑን በዘፈቀደ ከመገመት በተሻለ ሁኔታ መለየት ችለዋል። ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። በሆሜር «ኦዲሲ» የእረኛው ውሾች ባላወቁት በኦዲሴዎስ ላይ እየጮኹ ይነሣሉ፤ የሚያውቁት ቴሌማኮስ ሲመጣ ግን ጅራታቸውን እየቆሉ ዝም ይላሉ፤ ኦዲሴዎስም ከዝምታቸው የመጣው ወዳጅ መሆኑን ይረዳል። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው «ሲልቨር ብሌዝ» በተሰኘው ታሪክ፣ ሼርሎክ ሆምስ ምሥጢሩን የሚፈታው በዚያች ሌሊት ውሻው ባለመጮኹ ነው። ልብ በሉ፤ የእነዚህ ውሾች ዝምታ ሊነበብ የቻለው ጩኸታቸው ልክ ስለነበረው ነው። የእኔ ጠርጥር በዚያ ታሪክ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሆምስ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

«ልክ» የሚለው ቃል በሕጋችንም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን ከማወክ እንዲቆጠብ፣ ጢሱ፣ ጥላሸቱ፣ ሽታው፣ ድምፁና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ያዝዛል፤ የአካባቢው ልማድም ግምት ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ እንስሳ ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። እኔ ተከራይ እንጂ ባለርስት አይደለሁም፤ የሕጉ መንፈስ ግን ይገባኛል። ሕጉ ፍጹም ዝምታን አልጠየቀም፤ መለኪያ አድርጎ ያስቀመጠው መልካም ጉርብትናን ነው። እኔን ያን እሑድ ጠዋት የዳኘኝም ያው መለኪያ ነበር፤ ችሎቱ በበሬ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙት እናት ነበሩ።

እኛ ብዕር የምናነሣ ሰዎችም ከዚህ የምንማረው አይጠፋም። በየስንኙ ቃል አጋኖ የምንተክል፣ በየዕለቱ ስለ ሁሉም ነገር የምናለቅስና የምንቆጣ ገጣሚዎች አለን፤ እኔ አንዱ ነኝ። ያን ደብተር ከሞላሁ ወዲህ የድሮ ግጥሞቼን ሳነብ ጠርጥር ይታየኛል፤ በአጥር ቀዳዳ በየአላፊው ላይ ሲጮኽ።

አምስት ሳምንት አለፈ። ጠርጥር ዛሬም ይጮኻል፤ ለጅብ ይጮኻል፣ ግቢ ለሚገባ እንግዳ ይጮኻል፣ ከዚያ ጆሮውን አቁሞ ያደምጣል። በጎረቤቴ መስኮት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መብራት ይታያል። ልጅቱ ምን እንደምታመጣ ፈተናው ይናገር፤ እኔ ቢያንስ የምትወድቅበት ምክንያት አልሆንም።

በቅርቡ አንድ ሌሊት ጠርጥር ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ወጥቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ከወዲያ ማዶም በር ሲከፈት ሰማሁ። በማግሥቱ ማለዳ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጠሩኝና፦

«ልጄ፣ ማታ ምን አይቶ ነው የጮኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ደስታዬን ልገልጽላችሁ አልችልም። ሠፈሩ ሁሉ ሲሸሸው የኖረ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደመጠ፤ ምን እንዳለም ተጠየቀ።

ሌሊቱን በሙሉ ሲጮኽ ያደረ ሰው፣
እሳት ሲነሣበት ማን ነው የሚደርሰው?
ቃልም እንደ ገንዘብ በልኩ ካልወጣ፣
ዋጋው ወርዶ ወርዶ ሰሚም ጆሮም አጣ።
አንተ ጠርጥር ሆዬ፣ ሦስት ጊዜ ጩኽና፣
ቀሪውን ለኛ ተው፣ እኛ ሰምተናልና።